ድልን የሚያስታውስ ሽንፈትን አይርሳ

ተማሪዎች ሆይ፣ በዕረፍት ቀን ከሰዓት በኋላ በሐይቅ ከተማ ካሉት ሻይ ቤቶች ወደ አንዱ ብትገቡ የእግር ኳስ ጨዋታ ሲነሣ ሳትሰሙ አትወጡም። ወሬው በሰሞኑ ግጥሚያ ይጀመራል። ጥቂት ቆይቶ ግን ከተቀመጡት አዛውንት አንዱ ብርጭቆአቸውን አኑረው፣ «እኛ እኮ የአፍሪካን ዋንጫ የበላን ሰዎች ነን!» ይላሉ። በዚህ ጊዜ ከወጣቶቹ አንዱ ቀበል አድርጎ፣ «ጋሼ፣ ባለፈ ክረምት ቤት አይሠራም» ይላቸዋል። ሽማግሌው ይቆጣሉ፤ ወጣቱ ይስቃል፤ ክርክሩም ሳይቋጭ ይመሻል።

ከሁለቱ ማንኛቸው ናቸው ትክክለኛው? በእኔ አስተያየት ሁለቱም በከፊል ልክ ናቸው፤ ሁለቱም ግን የጎደላቸው ነገር አለ። ሽማግሌው ድሉን አስታውሰው ከድሉ በፊት የነበረውን ሽንፈት ዘለሉት። ወጣቱ በበኩሉ ያለፈው ነገር ሁሉ ጥቅም የሌለው መሰለው። ስለዚህ ድልን ማስታወስ መልካም ነው እላለሁ፤ ይሁን እንጂ ትዝታው ሙሉ፣ እውነተኛና የሌላውን ድርሻ የማይነፍግ መሆን አለበት። የዚህንም ምክንያት በተራ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

በመጀመሪያ ነገሩን ከሥሩ እንመልከት። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. እሑድ ነበር። ጥምቀት ከተከበረ ገና ሁለት ቀን አልፎታል። በአዲስ አበባ፣ በዚያን ጊዜ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስም ይጠራ በነበረው ስታዲዮም፣ ለሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ የኢትዮጵያና የግብፅ ቡድኖች ለፍጻሜ ተሰለፉ። በ35ኛው ደቂቃ በደዊ የተባለው የግብፅ አጥቂ የመጀመሪያውን ግብ አገባ። የኢትዮጵያ ቡድን እስከ 74ኛው ደቂቃ ድረስ ሲመራ ቆይቶ በግርማ ተክሌ አማካይነት አቻ ሆነ። የተመልካቹ እልልታ ገና ሳይበርድ በ75ኛው ደቂቃ ያው በደዊ ሁለተኛውን ግብ ጨመረ። ጨዋታው ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ያህል ሲቀረው አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ሁለት ለሁለት አደረገ። በተጨማሪው ሰዓት የሉቺያኖ ወንድም ኢታሎ ቫሳሎ ሦስተኛውን፣ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን ግብ አስቆጠሩ። ውጤቱም 4 ለ 2 ሆነ፤ ሉቺያኖም ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ።

በዚያን ዘመን ቴሌቪዥን በአገራችን አልነበረም፤ ሥራውን የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ከስታዲዮም ውጪ የነበረ ሕዝብ፣ የሐይቅና የአምባሰል ሰው ጭምር፣ ድሉን የሚያውቅበት መንገድ ሬዲዮ፣ ጋዜጣና የመንገደኛ አንደበት ብቻ ነበር። ወሬው ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ ኖሮ እነሆ ለእናንተ ደረሰ። ከአፍ ወደ አፍ የሚተላለፍ ነገር ደግሞ በየመንገዱ አንዳንድ ዕቃ እየጣለና እየጫነ እንደሚሄድ መንገደኛ ነው።

በመንገድ ላይ ከተጣለው ዕቃ ዋናው ሽንፈቱ ነው። የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ በ1949 ዓ.ም. በካርቱም ሲደረግ ኢትዮጵያ በፍጻሜው ከግብፅ ጋር ተጋጥማ 4 ለ 0 ተሸንፋለች። በ1951 ዓ.ም. በካይሮ ሁለተኛው ውድድር ሲደረግም በዚያው ቡድን እንደገና 4 ለ 0 ተረትታለች። በሁለት ግጥሚያ ስምንት ግብ ገባባት፤ እርስዋ አንድም አላገባችም። እንግዲህ በ1954 ዓ.ም. ወደ ሜዳ የወጡት ተጫዋቾች ይህን ሒሳብ እያወቁ ነው የወጡት። በግማሽ ፍጻሜውም ቢሆን ቱኒዚያ በቅድሚያ ሁለት ግብ አግብታባቸው ነበር፤ እነርሱ ግን አራት መልሰው አግብተው አሸነፉ። በፍጻሜውም ሁለት ጊዜ ተመርተው ሁለት ጊዜ አቻ ሆኑ።

ከዚህ የምንረዳው ምንድን ነው? የዚያ ድል ክብሩ በዋንጫው ብቻ አለመሆኑን ነው። ክብሩ ሁለት ጊዜ 4 ለ 0 የተሸነፈ ቡድን ለሦስተኛ ጊዜ ያንኑ ተጋጣሚ ሳይፈራ በመግጠሙ ነው። ሽንፈቱን ከታሪኩ ውስጥ ብታወጡት የሚቀረው አንድ የብር ዕቃ ነው። ሽንፈቱን ብትተዉት ግን ታሪኩ ትምህርት ይሆናል፤ በፈተና የወደቀ ተማሪም፣ ሰብሉ የተበላሸበት ገበሬም፣ ሱቁ የከሰረበት ነጋዴም ከእርሱ የሚወስደው አያጣም።

በማስተምርበት ዘመን አንድ ተማሪ ስለዚህ ድል ድርሰት ጽፎ አቀረበልኝ። ጽሕፈቱ ያማረ ነበር። ነገር ግን «ጀግኖቻችን ግብፅን ያለ አንዳች ችግር ድል ነሡ» የሚል ዓረፍተ ነገር አገኘሁበት። ከማን እንደ ሰማ ብጠይቀው፣ «አያቴ እንዲህ ነው የነገሩኝ» አለኝ። ልጁን አልወቀስሁትም። ሆኖም፣ «አያትህን አክብር፤ ግን ውጤቱ በስንተኛው ደቂቃ አቻ እንደ ሆነ መልሰህ ጠይቃቸው» አልሁት። በሳምንቱ ድርሰቱን አሻሽሎ መጣ። አያቱ የእኩል ለእኩሉንና የተጨማሪውን ሰዓት ታሪክ ሲነግሩት እንባ እንደ ተናነቃቸው ጽፎ ነበር። የመጀመሪያው ድርሰት ጉራ ነበር፤ ሁለተኛው ትዝታ ሆነ። እውነቱ ሲጨመር ድሉ አላነሰም፤ ይልቁንም ከበደ።

ሁለተኛው ምክንያቴ የድሉን ባለቤቶች ይመለከታል። ድል ብዙ አባት አለው ይባላል፤ ስንቶቻችን ግን የአባቶቹን ስም እንጠራለን? ቡድኑን ያሠለጠኑት አቶ ይድነቃቸው ተሰማ የተወለዱት በጅማ ነው። በኋላም ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ በ1979 ዓ.ም. እስካረፉበት ጊዜ ድረስ የአፍሪካን እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በፕሬዚዳንትነት መርተዋል፤ የደቡብ አፍሪካን የዘር መድልዎም አጥብቀው ተቃውመዋል። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ አስመራ ከኤርትራዊት እናትና ከጣልያናዊ አባት ተወልዶ በድሬዳዋው የጥጥ ፋብሪካ ቡድን ተጫውቷል። መንግሥቱ ወርቁ የአዲስ አበባው የቅዱስ ጊዮርጊስ ልጅ ነው። ሉቺያኖ ኋላ አገሩን ለቅቆ በጣልያን ሲኖር ቆይቶ በመስከረም 2015 ዓ.ም. እዚያው አረፈ። ዛሬ አስመራና አዲስ አበባ በሁለት አገር ውስጥ ያሉ ከተሞች ናቸው። ያ ድል ግን ለሁለት አይከፈልም። እንግዲህ «ድሉ የእኔ ወገን ብቻ ነው» የሚል ሰው ቢያጋጥማችሁ፣ ግቦቹን ያገቡትን ሰዎች ስምና የትውልድ ቦታ ቁጠሩለት። ክርክሩ በዚያው ያበቃል።

ሦስተኛው ምክንያት ልክን ማወቅ ነው። በ1954 ዓ.ም. ለዋንጫው የተጋጠሙት አራት አገሮች ብቻ ነበሩ፤ እነርሱም ኢትዮጵያ፣ ግብፅ፣ ቱኒዚያና ኡጋንዳ ናቸው። ከአፍሪካ አገሮች ብዙዎቹ ነጻነታቸውን ካገኙ ገና አንድና ሁለት ዓመታቸው ነበር፤ ነጻነት ያላገኙም ነበሩ። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ግን በውድድሩ ሃያ አራት ቡድኖች ይሰለፋሉ። ይህን መናገር ድሉን ማቃለል አይደለም። በዚያ ዘመን ከነበሩት ሁሉ ልቆ መገኘት በማንኛውም ዘመን ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን የትናንቱን ሚዛን ይዞ የዛሬውን ተጫዋች መመዘን ፍርድ ማጓደል ይሆናል። «እነዚያ ወንዶች ነበሩ፤ እነዚህ ምንም አይደሉ» የሚል ደጋፊ የትናንቶቹን ያከበረ ይመስለዋል፤ በእውነቱ ግን የዛሬዎቹን ጉልበት ይሰብራል።

በዚህ ላይ አንዳንዶች፣ «ድልን ማስታወስ ሰውን ያሰንፋል፤ ስለዚህ ብንረሳው ይሻላል» ሲሉ ይሰማሉ። አባባላቸው ከመሬት የተነሣ አይደለም። ኢትዮጵያ በ1974 ዓ.ም. በሊቢያ በተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ ከተካፈለች በኋላ እንደገና ለመካፈል 31 ዓመት ጠብቃለች። በእነዚያ ዓመታት የ1954ቱን ድል ያላወራ ደጋፊ አልነበረም፤ ወሬው ግን ቡድኑን አላሳለፈውም። ይህ እውነት ነው። ይሁንና በ2005 ዓ.ም. መንገዱ እንዴት እንደ ተከፈተ ደግሞ አስተውሉ። በአሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው የሚመራው ቡድን በሱዳን ሜዳ 5 ለ 3 ተሸንፎ ተመለሰ። በአዲስ አበባው የመልስ ግጥሚያ ግን 2 ለ 0 አሸነፈ። ድምሩ አምስት ለአምስት ሆኖ ከሜዳ ውጪ በተገቡት ግቦች ብልጫ ወደ ደቡብ አፍሪካ አለፈ። ተሸንፎ ተስፋ ያለመቁረጥ ጠባይ በ1954 ዓ.ም. የታየው ዓይነት ነው። እንግዲያስ የሚያሰንፈው ድሉን ማስታወስ አይደለም፤ የሚያሰንፈው ዋንጫውን ብቻ አስታውሶ ድካሙን መርሳት ነው።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ትዝታ ወደ ስድብ ሲለወጥ ነው። የጎንደሩ ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. የኢትዮጵያን ፕሪሚየር ሊግ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያሸንፍ ደጋፊዎቹ ቢደሰቱ ተገቢ ነው፤ ያን ዓመት ለልጆቻቸው ቢያወሩትም ያምርባቸዋል። ማንኛውም ክለብ እንዲህ ያለ ቀን አለው ወይም ይመኛል። ዳሩ ግን ደጋፊ የክለቡን ድል የሚያነሣው ሌላውን ለማዋረድ ከሆነ፣ ከቃል ወደ ድንጋይ የሚወስደው መንገድ አጭር ነው። በ1954 ዓ.ም. ግብፅ ብርቱ ቡድን ባትሆን ኖሮ ድላችን ማን ያስታውሰው ነበር? ተጋጣሚን የሚያዋርድ ሰው የራሱን ድል ያረክሳል፤ ደካማን ማሸነፍ ወሬ አይሆንምና።

እናንተ የሐይቅና የአምባሰል ተማሪዎች ይህን ጉዳይ ከሌላው ይልቅ ልትረዱት ይገባችኋል። ትዝታም አምባሰልም የሚባሉት የዜማ ቅኝቶች ከወሎ ስም ጋር ተያይዘው የሚነሡ ናቸው። ትዝታን በደስታ ብቻ የሚያዜም ሰው አታገኙም፤ ናፍቆትና ኀዘን ካልገቡበት ትዝታ አይባልም። የድልም ትዝታ እንዲሁ መሆን አለበት። ደግሞም ከአምባሰል ምድር ሳንወጣ፣ በ1881 ዓ.ም. በውጫሌ የተፈረመውን ውል አስቡ። የ17ኛው አንቀጽ የአማርኛውና የጣልያንኛው ቃል ሳይስማማ ቀርቶ ሁለት አገር ወደ ጦርነት አመራ። በትክክል ያልተጻፈ ቃል ምን ያህል እንደሚያስከፍል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

በሐይቁ ላይ ያለውንም የእስጢፋኖስን ገዳም ታውቁታላችሁ። በአሥራ ሦስተኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዓ መጻሕፍትን እያሰባሰቡና እያስጻፉ ደቀ መዛሙርት ያፈሩበት ስፍራ ነው። እነዚያ ሰዎች ቃልን ለአፍ ብቻ አልተዉትም፤ በብራና ላይ አኖሩት። እናንተም በአቅማችሁ ይህን ልታደርጉ ትችላላችሁ። የ1954ቱን ጥር የሚያስታውሱ አዛውንት ቁጥራቸው ከዓመት ወደ ዓመት እየተመናመነ ነው። ስለሆነም በአካባቢያችሁ ካሉት ወደ አንዱ ሂዱ። «ድሉን እንዴት ሰሙ? በማን ሬዲዮ? ከእነማን ጋር ሆነው?» ብላችሁ ጠይቁ። «ከዚያ በፊት ስንት ጊዜ ተሸንፈን ነበር?» ማለትንም አትርሱ። የነገሯችሁን ጻፉ፤ ቀኑንና ውጤቱን ከሌላ ምንጭ ጋር አመሳክሩ፤ ከዚያም ለክፍል ጓደኞቻችሁ አንብቡ።

ያን ጊዜ በሻይ ቤቱ ክርክር ውስጥ ለመግባት ትበቃላችሁ። ሽማግሌው «ዋንጫ በልተናል» ሲሉ፣ «አዎን ጋሼ፣ ሁለት ጊዜ 4 ለ 0 ከተሸነፍን በኋላ» በሏቸው። ሽማግሌው የሚቆጡ አይመስለኝም። ምናልባት ወንበር ስበው አጠገባቸው ያስቀምጧችሁ ይሆናል።