ዘይቱን የሚመርጠው ማነው?

"የሚረጋ ዘይት አትጠቀሙ" የሚል ምክር በቴሌቪዥንም፣ በጤና ጣቢያም፣ እዚሁ ፌስቡክ ላይም እንሰማለን። ምክሩ ልክ ነው። ግን ባዶ ጀሪካን ይዛ ሸማቾች በር ላይ ለተሰለፈች እናት ምን ይሠራላታል? እሷ የመጣውን ነው የምትወስደው።

እስኪ ዛሬ የአንዲት ትንሽ ደሴት ታሪክ ላጫውታችሁ። የቀድሞ ተማሪዎቼ "ቲቸር ደግሞ ጀመረው" እንደምትሉ አውቃለሁ፤ ታገሱኝ።

አገሪቱ ሞሪሸስ ናት። ከማዳጋስካር በስተምሥራቅ፣ ሕንድ ውቅያኖስ ውስጥ ያለች ደሴት። በ1980ዎቹ (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ነው) ሕዝቧ አንድ ሚሊዮን ገደማ ነበር። እርሻዋ በአብዛኛው ሸንኮራ አገዳ ስለሆነ ለምግብ ዘይት የሚሆነውን ከውጭ ታስገባለች። ሕዝቡ በብዛት የሚጠቀመው "የራሽን ዘይት" የሚባለውን ነበር፤ እሱም በአብዛኛው ፓልም ነው።

በዚያን ጊዜ ስኳር፣ ደም ግፊትና የልብ በሽታ ሕዝቡን እያስጨነቁት ነበር። መንግሥት ትምህርትና ቅስቀሳ ጀመረ። ከዚያ በላይ ግን በ1987 አንድ ቀላል የሚመስል ነገር አደረገ፦ የራሽን ዘይቱን ከፓልም ወደ አኩሪ አተር ቀየረው። ሰው ወጥ አሠራሩን ሳይቀይር፣ ሱቁንም ሳይቀይር፣ ዕቃው ውስጥ ያለው ዘይት ተቀየረ።

በ1992 ጥናት ሲደረግ የአዋቂዎች አማካይ ኮሌስትሮል ከ5.5 ወደ 4.7 ሚሊሞል ወርዶ ተገኘ። እኛ አገር ላብራቶሪ በሚጽፈው ቁጥር ከ213 ወደ 182 ገደማ ማለት ነው። በ5 ዓመት የአንድ አገር ሕዝብ አማካይ! ሁሉም በዘይቱ ብቻ የመጣ አይደለም፤ የዘይቱ ድርሻ ግን ቀላል አልነበረም።

ምክንያቱስ? ፓልም ውስጥ ካለው ስብ ግማሽ ያህሉ ሳቹሬትድ የሚባለው ነው፤ ለዚህ ነው በብርድ ጊዜ የሚረጋው። አኩሪ አተር ላይ ይሄ 15 በመቶ ገደማ ነው። በነገራችን ላይ ጀሪካኑ ላይ "ከኮሌስትሮል ነፃ" የሚል ስታዩ አትደነቁ፤ የአትክልት ዘይት ድሮም ኮሌስትሮል የለውም ማለት ይቻላል። ጣጣው ሳቹሬትድ ስብ ሲበዛ ደማችን ውስጥ ያለው ኮሌስትሮል መጨመሩ ነው።

እውነቱን ለመናገር ሞሪሸስ ሁሉንም አልፈታችም። በእነዚያው 5 ዓመታት ውፍረት ጨምሯል፣ ስኳር በሽታም አልቀነሰም። ዘይት መቀየር ጠበል አይደለም።

"ፓልም እኮ ርካሽ ስለሆነ ነው" የሚለኝ አለ። ልክ ነው፤ ምንም ዘይት ከማጣት ፓልም ይሻላል፣ ሰውነት ስብ ይፈልጋል። ግን ሞሪሸስም ከውጭ ነበር የምታስገባው። እኛ ደግሞ ኑግና ሱፍ የሚያበቅል መሬት አለን፤ ሰሊጣችንን ለዶላር እየላክን ፓልም በዶላር እናስገባለን። ይሄ ሒሳብ በደንብ ይሠራ ነው የምለው፤ ከዋጋው ጎን የልብና የስትሮክ ሕክምናው ወጪም ይደመርበት።

ስለዚህ ወረፋ ላይ ያለችውን እናት መምከሩን ትንሽ ቀነስ እናድርግና ምን ዓይነት ዘይት ይግባ፣ የቱ ይደጎም ብለው የሚወስኑትን እንጠይቅ። ምርጫው ያለው እነሱ ጋ ነው።

እናንተ ሰፈር ሸማቾች የሚመጣው ዘይት የምንድነው? ጀሪካኑን አንብቡና ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።