እጃችሁ ከኪቦርዱ አይውረድ

ከአዘና እስከ እንጅባራ ኮምፒውተር የተማረ ልጅ "ኮንትሮል ሲ ምን ይሠራል?" ብትሉት ሳያስብ ይመልስላችኋል። ፈተና ላይ ትመጣለቻ! ያንኑ ልጅ ማሽን ፊት አስቀምጡና ሳጥንና ቀስት ያለው አንድ ፍሎውቻርት ሥራ በሉት፤ ማውሱን ጨብጦ ከሜኑ ሜኑ ሲንከራተት ታያላችሁ። አቋራጩን የተማረው ለመልስ መስጫ ወረቀቱ እንጂ ለጣቱ አይደለም።

"ታዲያ ምን ችግር አለው? ቀስ ብሎ ይሥራ" የምትሉ አትጠፉም። ወገን፣ የትምህርት ቤት ኮምፒውተር ክፍላችንን እኮ ታውቁታላችሁ። አንድ ማሽን ላይ ሦስት አራት ልጅ ተደርቦ ተራ ይጠብቃል። መብራት ደግሞ ሳይሰናበት ይሄዳል፤ ሴቭ ያልተደረገ ሥራ ዴስክቶፕ ላይ ከነበረ አብሮት ይሄዳል። ኮንትሮል ኤስን በየሁለት ደቂቃው የምትነካ ጣት ያለው ልጅ ቢያንስ ከዜሮ አይጀምርም።

አማርኛ ሲሆን ነገሩ ይብሳል። በድምፅ በሚጻፈው ኪቦርድ "አይደለም" ለማለት ሰባት ጊዜ መምታት አለባችሁ። ፍሎውቻርት ላይ ደግሞ ጥያቄ ባለበት ሁሉ "አዎ" እና "አይደለም" አለ። አንዱን ሳጥን መርጣችሁ ኮንትሮል ዲ ብትሉ ግን ከነጽሑፉ ይባዛል፤ ቪዚዮም ላይ፣ ድሮው ዶት አይኦም ላይ። ቪዚዮ ላይ ኮንትሮል 3 ማያያዣውን መስመር ያመጣል፣ ኮንትሮል 1 ወደ መምረጫው ይመልሳል። ድሮው ዶት አይኦ ላይ ደግሞ ኦልትና ሺፍትን ይዛችሁ የቀስት ቁልፍ ብትነኩ አዲስ ሳጥን ከነመስመሩ ይወለዳል። ለመግዣ ገንዘብ የለንም እንዳትሉ፣ ይሄኛው ነፃ ነው፤ አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል።

ማውስ ይጣል አላልኩም። ሳጥኖቹን ወዲያና ወዲህ አንቀሳቅሶ መልክ ለማስያዝ እሱን የሚያህል የለም። ግን የአገው ፈረሰኛ ልጓም ለመሳብ ብሎ ከኮርቻው ሲወርድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? የኛ ልጆች ለእያንዳንዷ ኮፒ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው።

ለኮምፒውተር መምህራን አንድ ሐሳብ አለኝ፤ ወጪ የለውም። የምርጫ ጥያቄውን ለአንድ ሴሚስተር ተዉትና ማውሶቹን ሰብስቡ። ከዚያ "አሥር ደቂቃ አላችሁ፣ ስድስት ሳጥን ያለው ሥዕል ሥሩና ሴቭ አድርጉ" በሉ። መጀመሪያ ሳምንት ማጉረምረሙ አይቀርም። ሴቭ ያላደረገ፣ ዜሮ!