ኦሃዮ ለኩባንያዎች የሰጠችውን ጋሻ ለፈታሾችም ትስጥ

በብሉቱዝ የሚሠሩ የበር ቁልፎችና የሕክምና መሣሪያዎች በብዙ የኦሃዮ ቤተሰቦች ዘንድ የዕለት ተዕለት ዕቃ ሆነዋል። ደኅንነታቸው የሚታወቀው በአምራቹ ማስታወቂያ ሳይሆን ነጻ ባለሙያ በእጁ ይዞ ሲፈትሻቸው ነው። ሆኖም የኦሃዮ ሕግ ለዚህ ባለሙያ ግልጽ ከለላ አይሰጥም። ሕግ አውጪው ይህን ክፍተት ሊዘጋ ይገባል።

የፍተሻው ዘዴ ውስብስብ አይደለም። ባለሙያው በገዛ ገንዘቡ የገዛውን ቁልፍ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ፣ በስልኩና በቁልፉ መካከል የሚመላለሰውን የሬዲዮ ምልክት በርካሽ መቀበያ ይቀዳል። ከዚያም የይለፍ ቃሉ ሳይመሰጠር ይተላለፍ እንደሆነ፣ የተቀዳው ምልክት ተመልሶ ሲላክም በሩን ይከፍት እንደሆነ ያጣራል። እ.ኤ.አ. በ2016 በላስ ቬጋስ በተካሄደው የዴፍ ኮን ጉባኤ ሁለት ተመራማሪዎች ከፈተሿቸው 16 የብሉቱዝ ቁልፎች 12ቱን መክፈት እንደቻሉ አሳይተዋል። ለአምራቾቹ ቢያሳውቁም መልስ የሰጠው አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም ጉድለቱን እንደማያስተካክል ገለጸ።

ጉዳቱ በበር ቁልፍ አያበቃም። በ2020 የሲንጋፖር ተመራማሪዎች ስዌይንቱዝ የተባሉትን የብሉቱዝ ጉድለቶች ይፋ ሲያደርጉ፣ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር የልብ ምት ማስተካከያዎችንና የስኳር መለኪያዎችን ጨምሮ በሕክምና መሣሪያዎች ላይ ሊደርስ ስለሚችለው አደጋ አስጠንቅቋል። ፍተሻው ባይደረግ ማስጠንቀቂያውም ባልኖረ ነበር።

ኮሎምበስ በ2024 የሰጠችው ትምህርት ግን ፈታሾችን የሚያስፈራ ነው። በጁላይ ወር ሪሲዳ የተባለው የጠላፊዎች ቡድን በከተማው አስተዳደር ላይ ጥቃት አደረሰ። ከንቲባው የተሰረቀው መረጃ ለጠላፊዎቹ እንደማይጠቅም ተናገሩ፤ አንድ የደኅንነት ተመራማሪ ደግሞ የነዋሪዎች የግል መረጃ በግልጽ የሚነበብ መሆኑን ለጋዜጠኞች አሳየ። ከተማው በኦገስት መጨረሻ ተመራማሪውን ከሶ ጊዜያዊ እግድ አስወጣበት። በኋላም መረጃቸው ተጋልጦ ሊሆን የሚችል ሰዎች ቁጥር 500,000 መሆኑን ከተማው ራሱ አሳወቀ። እርግጥ ነው፣ ጉዳዩ የተሰረቀ መረጃ አያያዝን እንጂ የመሣሪያ ፍተሻን አይመለከትም፤ የከተማው ስጋትም ፍጹም መሠረተ ቢስ አይባልም። ሆኖም ጉድለት ያገኘ ሰው ከመናገሩ በፊት ጠበቃ እንዲፈልግ የሚያስገድድ አርአያ ሆኗል።

ኦሃዮ በ2018 ባወጣችው የመረጃ ጥበቃ ሕግ፣ ተገቢ የሳይበር ደኅንነት ሥርዓት የዘረጋ ኩባንያ መረጃ ተሰርቆበት ቢከሰስ የሕግ መከላከያ አግኝቷል። ፈታሹ ግን ተመሳሳይ ጋሻ የለውም። የግዛቱ ሕግ አንቀጽ 2913.04 ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ወደ ኮምፒውተር መግባትን ይከለክላል፤ ቁልፉ የገዢው፣ ሶፍትዌሩ የአምራቹ ሲሆን ፈቃድ ሰጪው ማን እንደሆነ ግን ለክርክር ክፍት ነው። የፌዴራሉ ፍትሕ ሚኒስቴር በ2022 በቅን ልቦና የሚደረግ የደኅንነት ምርምር የወንጀል ክስ እንዳይመሠረትበት ዐቃብያነ ሕጉን ቢያዝም፣ መመሪያው የኦሃዮን ዐቃቤ ሕግም ሆነ በፍትሐ ብሔር የሚከስ ኩባንያን አያስርም።

የከተማ ደንብም አይበቃም። ሚነርቫ ፓርክ በኮሎምበስ የተከበበች ብትሆንም የራሷ ከንቲባና ምክር ቤት አላት፤ የብሉቱዝ ሞገድ ግን የመንደር ወሰን አያውቅም። መፍትሔው በግዛት ደረጃ መምጣት አለበት።

ፍተሻ ሌባን ያስተምራል የሚል ተቃውሞ ይነሳል። ሌባ ግን የሕግ ፈቃድ አይጠብቅም፤ በክልከላ የሚታሰረው ቅኑ ሰው ብቻ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።

ስለዚህ የኦሃዮ ጠቅላላ ምክር ቤት የሚከተሉትን ሊደነግግ ይገባል፦

1. በራሱ ወይም በባለቤቱ ፈቃድ ባገኘው መሣሪያ ላይ በቅን ልቦና ፍተሻ ያደረገ ሰው ከወንጀልና ከፍትሐ ብሔር ክስ ይጠበቅ።

2. ከለላው የሌላን ሰው መሣሪያ ለሚነካ፣ የግል መረጃን ለሚያሰራጭ ወይም በጉድለቱ ገንዘብ ለሚጠይቅ አይሠራም።

3. አምራቾች የጉድለት መቀበያ አድራሻ ያሳውቁ፤ በተወሰነ ጊዜ ውስጥም መልስ ይስጡ።