የመኪና ሽቦ ብልሽት በግምት አይጠገንም

መኪና ከውጭ ለሚመለከተው ሰው የብረት ሥራ ብቻ ይመስለዋል። ነገር ግን መብራቱን፥ ጥሩምባውንና የሞተሩን ማስነሻ የሚያሠራው በጥቅል ታስሮ በውስጡ የተዘረጋው የኤሌክትሪክ ሽቦ ነው። ይኸውም ሽቦ በመንቀጥቀጥ ብዛት ሲፋቅ፥ ወይም መጋጠሚያው በውሃ ሲዝግ፥ ኤሌክትሪኩ ከመንገድ ይቀራል፤ ራቁቱን ከብረት ጋር ሲገናኝም እሳት ያስነሣል።

በዚህ ጊዜ አንዳንድ ሠራተኞች የመመርመርን ድካም በመሸሽ ሁለት ክፉ ልማድ ይከተላሉ። አንደኛው ጕዳቱን ሳያውቁ ባትሪውንም ዲናሞውንም በየተራ መለወጥ ነው። ሁለተኛውና የባሰው፥ የተቃጠለውን ፊውዝ በሚበልጥ ፊውዝ መተካት ነው። ፊውዝ የሽቦው ዘበኛ ነው፤ ዘበኛም ስለ ጮኸ አይገደልም። በ10 አምፔር ፊውዝ ፋንታ የ30 አምፔር ገብቶ ኤሌክትሪኩ እስከዚያ ቢያልፍ፥ በሽቦው ውስጥ የሚወለደው ሙቀት 3 እጥፍ ሳይሆን 9 እጥፍ ይሆናል። ልባሱም ሲቀልጥ የተሳፋሪው ሕይወት ከአደጋ ላይ ይወድቃል።

ትክክለኛው መንገድ ግን በሥርዓት መከታተል ነው። ጌኦርግ ኦም የተባለው የጀርመን ሊቅ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1827 ዓ.ም. ባሳተመው ሕግ መሠረት፥ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ እንቅፋት ባገኘው ስፍራ ቮልቱ ይጐድላል። ስለዚህ አዋቂው ሠራተኛ የሽቦውን ካርታ ይዞ፥ መብራቱንም አብርቶ፥ ከባትሪው ጀምሮ መጋጠሚያ በመጋጠሚያ ይለካል። ባትሪው 12 ቮልት ሲሰጥ ለመብራቱ 9 ብቻ ቢደርሰው፥ የጐደለው 3 ቮልት ጕዳቱ ባለበት ስፍራ መቅረቱ የተረጋገጠ ነው። ኤሌክትሪኩ በመኪናው ብረት በኩል ወደ ባትሪው የሚመለስበትም መንገድ እኩል መመርመር አለበት፤ ብዙ ሰው የሚዘነጋው እርሱን ነውና።

ምርመራ ጊዜ ይፈጃል፥ መኪናውንም ከሥራ ያስቀራል የሚሉ አይጠፉም። ነገር ግን የምርመራው ድካም አንድ ጊዜ ይከፈላል፤ የግምቱ ዕዳ ግን መኪናው በቆመ ቍጥር ይመላለሳል።

እንግዲህ የመሥሪያ ቤትም ሆነ የገዳም መኪና በአደራ የተሰጣቸው አለቆች፥ «ተሠርቷል» በሚል ቃል ብቻ የጥገና ሒሳብ መፈረም አይገባቸውም። የትኛው ሽቦ፥ በየትኛው ስፍራ እንደ ተጐዳ፥ ከጥገናው በፊትና በኋላም ስንት ቮልት እንደ ተለካ ተጽፎ ይቅረብላቸው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትምና፥ ምክንያቱ ያልታወቀ ጥገና እንደ ጥገና ሊቈጠር አይችልም።