ሀገር ስጡኝ

ዛሬ እንደ ልጅነታችን እንቆቅልሽ ልጠይቃችሁ፦ ከግሪንላንድና ከዴሞክራቲክ ኮንጎ በስፋት የሚበልጠው የትኛው ነው?

ባለፈው ሰሞን ቡና ስንጠጣ ይህንኑ ለአራት ወዳጆቼ አቀረብሁላቸው። ሁሉም የተማሩ ናቸው። ሦስቱ ያለ አንዳች ማመንታት «ግሪንላንድ!» አሉ፤ አራተኛው ወጥመድ ሳይጠረጥር አልቀረም፣ ዝም አለ። ኮንጎ ከ2.3 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ትበልጣለች፤ ግሪንላንድ 2.2 ሚሊዮን እንኳ አትሞላም። በጨዋታው ሕግ መሠረት ሦስቱም ሀገር ሰጡኝ።

ጀርመናዊው ካይ ክራውዜ እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣው ካርታም የዚሁ ዓይነት ጨዋታ ነበር። አሜሪካን፣ ቻይናን፣ ሕንድን፣ ጃፓንንና አብዛኛውን አውሮፓ እንደ ልጆች መገጣጠሚያ ሥዕል ቆራርጦ በአፍሪካ ውስጥ ሰገሰጋቸው። ገቡ! (የቁርጥራጮቹ ልክ በጥንቃቄ አልተጠበቀም ብለው የተቹት አሉ። ትችቱ ተገቢ ነው፤ ሆኖም አፍሪካ 30 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር መሆኗን አይለውጥም።)

መርካቶርን በቅኝ ገዥነት መወንጀል በምሁራኖቻችን ዘንድ የተለመደ ነው። እኔ አልስማማም። ሰውዬው እ.ኤ.አ. በ1569 ካርታውን የሠራው ለመርከበኞች ነው፤ በኮምፓስ የያዙትን አቅጣጫ በቀጥተኛ መስመር እንዲያሰምሩ። ለዚህም ሲል ወደ ዋልታዎቹ በቀረበ ቁጥር የብሱን እየለጠጠ ሄደ። ከአፍሪካ 14 ጊዜ ያህል የምታንሰው ግሪንላንድ እኩያዋ መስላ የታየችውም በዚሁ ሰበብ ነው። ጥፋተኛው የባሕር መንገድ መሣሪያን አምጥቶ በመማሪያ ክፍል ግድግዳ ላይ የሰቀለው ነው፤ እኛንም ጨምሮ።

መቀመጫው እዚሁ አዲስ አበባ የሆነው የአፍሪካ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2025 መርካቶር ቀርቶ የየሀገሩን ስፋት የሚጠብቅ ካርታ እንዲተካ የሚጠይቀውን ዘመቻ ደግፏል። ደግ አደረገ። ነገር ግን መግለጫ ዓይንን አያርምም። ወዳጆቼን ያሳፈራቸው መግለጫ ሳይሆን ስህተታቸውን በገዛ አፋቸው መናገራቸው ነበር። ኅብረቱ ለየትምህርት ቤቱ አንድ መቀስና አንድ ካርቶን ቢልክ ከአሥር ስብሰባ ይልቅ ይጠቅመን ነበር።

ዝም ያለው ወዳጄ በመጨረሻ አፉን ከፈተ፦ «ካርታው ቢታረም ዳቦ ይጨምራል?» አይጨምርም። ግን የአህጉሩን ስፋት በግማሽ አሳንሶ የሚያስብ ባለሥልጣን የመንገዱን፣ የባቡሩንና የመብራት መስመሩን ወጪ በምን ይለካል? ይህንንም ጠየቅሁት።

እስካሁን አልመለሰልኝም። ሀገር እየጠበቅሁ ነው።