ያላዘዝነው ካርቶን የማን ነው?

ይህችን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝ ባለፈው ሴሚስተር የቢዝነስ ሕግ ኮርስ ስንማር ክፍል ውስጥ የተነሳ ክርክር ነው። መምህራችን «ሳታዙ ዕቃ ቤታችሁ ድረስ ቢመጣ ምን ታደርጋላችሁ?» ብለው ጠየቁን። ግማሹ ክፍል «አቦ እንወስደዋለና!» ብሎ ሳቀ። ሌላው ግማሽ ደግሞ «በሩን ዘግተን እንመልሰዋለን፣ ኮንትሮባንድ ቢሆንስ?» አለ። እኔ ዝም አልኩ። ዝም ያልኩት መልሱን ስላላወቅሁ አይደለም፤ እኛ ቤት መጥቶ ስለሚያውቅ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለክረምት እረፍት ጭሮ ቤተሰብ ጋ ነበርኩ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ የባጃጅ ሾፌር በራችን ላይ ጥሩንባ ነፋ። በቡኒ ፕላስተር ዙሪያውን የታሸገ ካርቶን ይዟል። ላዩ ላይ በእስክሪብቶ የአባቴ ስምና «ጭሮ» የሚል ብቻ ተጽፏል። የአያት ስም የለ፣ ስልክ የለ። መናኸሪያ ላይ ከአዲስ አበባ የመጣ አውቶቡስ ረዳት ሰጥቶት፣ አውቶቡሱ ወዲያው ወደ ድሬዳዋ ቀጥሏል። ባጃጁ በስሙ እየጠየቀ እኛ ቤት ደረሰ። እናቴ ሂሳቡን ከፍላ ተቀበለችው። አባቴ ያኔ ለሥራ ገለምሶ ነበርና ደወልንለት። «እኔ ምንም አላዘዝኩም፣ የሚልክልኝም ሰው የለም፤ እንዳትነኩት!» አለ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። የኢትዮጵያ ፖስታ ከተመሠረተ (1886 ዓ.ም.) ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። ሆኖም እንደኛ ባለ ከተማ ፖስተኛ በር አንኳኩቶ ዕቃ ሲያስረክብ ያየ ሰው ብዙ ያለ አይመስለኝም። ፖስታ ማለት በአብዛኛው የሣጥን ቁጥር ነው፤ ሄደህ ትወስዳለህ። ቤት ድረስ የሚመጣው ዕቃ የሚመጣው በሰው እጅ ነው። አዲስ አበባ ያለው ልጅ ለአውቶቡስ ረዳት ይሰጣል፣ ታርጋውን በስልክ ይነግርሃል፣ አንተ መናኸሪያ ቆመህ ትጠብቃለህ። ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ የሚመጣ ዕቃ ደረሰኝ የለውም፣ ያለው አደራ የሚባለው ነገር ብቻ ነው። ሂርናም በዴሳም ሚኤሶም እንዲሁ ነው።

ወደ ካርቶኑ ልመለስ። ሦስት ቀን ሙሉ ቁምሳጥን አናት ላይ ተቀመጠ። ከአጥራችን ወዲያ ያሉት አዴ ቡና ሊጠጡ መጥተው «ሲሳይ ነው ልጄ፣ ፈጣሪ የላከውን አትመልሺ» አሏት እናቴን። ቀድሞ በዚህ መስመር ሾፌር የነበረው አጎቴ ደግሞ ሲያየው ፊቱ ተለወጠ። «ይሄን ቤትሽ አስቀምጠሽ እንቅልፍ ይወስድሻል? ፖሊስ ቢመጣ የኔ አይደለም ብትዪ ማን ያምንሻል?» አላት። ትንሹ ወንድሜ ነቅንቆት «ውስጡ ነገር ይንኳኳል» አለ። ከዚያ በኋላማ እናቴ ክፍሉ ውስጥ መግባትም ፈራች።

አጎቴ ዝም ብሎ አልፈራም። በዚህ መንገድ ያደገ ሰው አዋሽ ላይ ፍተሻ ምን እንደሚመስል ያውቃል። የጉምሩክ አዋጅ ቁጥር 859/2006 ኮንትሮባንድ ያስገባውን ብቻ ሳይሆን ያጓጓዘውንና ያከማቸውንም ይቀጣል። ስለዚህ አንድ የማታውቀው ሰው መናኸሪያ ላይ «ወንድሜ፣ ይቺን ፌስታል አዋሽን ብቻ አሳልፍልኝ» ቢልህ መልሱ አንድ ነው፤ አይሆንም። በዚህ ላይ ከማንም ጋር አልከራከርም። ግን ይህ ገና የሚሄድ ዕቃ ነው። የኔ ጥያቄ ስለደረሰው ነው።

ስለ ደረሰው ዕቃ የውጭዎቹ ሕግ ግልጽ ነው። አሜሪካኖች በ1970 (እ.ኤ.አ.) ባወጡት የፖስታ ሕግ ሳይታዘዝ በፖስታ የተላከ ሸቀጥ ለተቀባዩ እንደ ስጦታ ይቆጠራል፤ ላኪው ሂሳብ ሊጠይቅበት አይችልም። እንግሊዞችም በዓመቱ ተመሳሳይ ሕግ አውጥተዋል። ምክንያቱም እዚያ ሳይታዘዝ ዕቃ ይልክ የነበረው ነጋዴ ነው፤ ዕቃውን ልኮ «ካልመለስክ ክፈል» እያለ ሰዉን ያስቸግር ነበር። በቅርቡም በ2012 ዓ.ም. ክረምት በመላው አሜሪካ ብዙ ሰዎች ያላዘዙት የዘር ፓኬት ከውጭ አገር በፖስታ ደርሷቸዋል። አብዛኛው የቻይና አድራሻ ነበረበት፤ አንዳንዱ ላይ «ጌጣጌጥ» ተብሎ ተጽፏል። የግብርና መሥሪያ ቤታቸው «እንዳትዘሩት፣ ለእኛ አስረክቡ» አለ። ኋላ ላይ እንደተገመተው አንዳንድ የኢንተርኔት ሻጮች ርካሽ ዕቃ ለማያውቁት ሰው ይልኩና በዚያ ሰው ስም የራሳቸውን ዕቃ የሚያሞግስ አስተያየት ይጽፋሉ። ለማያውቁት ሰው ዕቃ የሚልኩት ለራሳቸው ምስክር ለመግዛት ነው ማለት ነው!

የእኛም ሕግ ቢሆን ዝም አላለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1682 ለቀረበልህ ሐሳብ ዝም ማለትህ እንደ መቀበል እንደማይቆጠር ይደነግጋል (ቀድሞ የንግድ ግንኙነት ካላችሁ ሌላ ነገር ነው)። ስለዚህ አንድ ነጋዴ ያላዘዝከውን ዕቃ ቤትህ ጥሎ «በአሥር ቀን ካልመለስክ ገዝተሃል» ቢልህ አልገዛህም። በሌላ በኩል ግን ይኸው ሕግ በቁጥር 2162 ያለ በቂ ምክንያት በሰው ንብረት የተጠቀመ መካስ እንዳለበት ይናገራል። ክፍላችን ውስጥ «እንወስደዋለን» ብለው የሳቁት ጓደኞቼ ይህችን ቁጥር የዘለሏት ይመስለኛል።

በነገራችን ላይ ሌላም ዓይነት ያልታዘዘ ዕቃ አለ፤ ጭራሽ የማይመጣው። በፌስቡክ የተዋወቅከው «ፈረንጅ» ስጦታ ልኬልሃለሁ ይላል። ከዚያ አንዱ ይደውልና «ዕቃህ ጉምሩክ ደርሷል፣ ቀረጡን በቴሌብር አስገባ» ይልሃል። ታስገባለህ። ቀጥሎ የመጋዘን፣ ቀጥሎ የቅጣት ይልሃል። ስለዚህኛው ብዙ አልጽፍም። ያላየኸው ዕቃ ላይ ብር የሚጠይቅህ ሰው ሌባ ነው፣ ስልኩን ዝጋ።

እንደ እኔ እንደ እኔ ግን የእኛ አገር ካርቶን ከአሜሪካው ይለያል። እዚያ ላኪው ዕቃውን ለማያውቀው ሰው የላከው አስቦበት ነው። እዚህ ግን ሳይታዘዝ በርህ ላይ የቆመ ካርቶን ብዙውን ጊዜ መንገድ የሳተ የሰው አደራ ነው። የኛዎቹ ሁለት ወገኖች ሁለቱም የተሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። አንዱ ዕቃውን ሲሳይ ያደርገዋል፣ ሌላው ቦምብ። ባለቤት እንዳለው ማንም አያስብም። እኛም ቤት ውስጥ በሦስት ቀን ክርክር «ይሄ ሰው ዕቃውን እየጠበቀ ይሆን?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም። እኔንም ጨምሮ።

በአራተኛው ቀን አባቴ መጣ። ሁለት ጎረቤት ጠራ፣ ካርቶኑ እንደታሸገ መሆኑን አሳያቸው፣ እኔን አስከትሎ መናኸሪያ ሄደ። ተራ አስከባሪዎቹን ጠየቅን። አንደኛው ገና ሳንጨርስ «እንዴ! አንድ ሽማግሌ ሦስት ቀን ሙሉ እዚህ ቆመው ሲጠብቁ ነበር እኮ» አለ። የአባቴ ሞክሼ ናቸው፤ ሰፈራቸው ከኛ በባጃጅ አሥር ደቂቃ አይሞላም። ካርቶኑ ውስጥ የነበረው ልጃቸው ከአዲስ አበባ የላከው የስኳር መድኃኒትና መለኪያ ነው። የረዳቱ ስልክ ስላልሠራ ልጅየው ዕቃው የት እንደወረደ ማወቅ አልቻለም። ሽማግሌው እኛ በር ዘግተን ስንከራከር ከጎረቤታቸው ኪኒን እየተበደሩ ነበር የሰነበቱት።

ስለዚህ ለመምህሬ ጥያቄ መልሴ ይህ ነው። ካርቶኑን አልከፍትም፣ አልጠቀምበትም፣ ብርም አልከፍልበትም። ግን አላሳድረውም። በዚያው ቀን ሁለት ጎረቤት እጠራለሁ፣ በስልኬ ከአራቱም ጎን ፎቶ አነሳዋለሁ፣ ያመጣውን ሰው ስምና የባጃጁን ታርጋ እጽፋለሁ፣ ከዚያ መናኸሪያ ሄጄ እናገራለሁ። ባለቤት ከታጣ እንደታሸገ ፖሊስ ጣቢያ፤ መከፈት ካለበትም እዚያው በምስክር ፊት ይከፈት። አጎቴ የፈራው ነገርም ቢሆን የሚመጣው ዕቃውን ደብቆ ባሳደረው ላይ እንጂ በዚያው ቀን ለሰው ሁሉ ባሳወቀው ላይ አይመስለኝም። ላኪዎችም፣ እባካችሁ! በአንድ ከተማ ስንት ሰው አንድ ስም እንዳለው እያወቃችሁ ለምን የአያት ስምና ስልክ መጻፍ ይከብዳችኋል?

ሽማግሌው በሳምንቱ እኛ ቤት ድረስ መጥተው መረቁን። እናቴ ሆጃ አፈላችላቸው። ሲጠጡ ቆይተው «ግን ለምን አልከፈታችሁትም? የልጄ ስልክ ቁጥር ከላይ በወረቀት ተጽፎ ነበር እኮ» አሉ። እናቴ አባቴን አየችው፤ አባቴ እኔን አየኝ። እኔ አሁንም አትክፈቱ ነው የምለው፤ ያን ቀን ግን ለእሳቸው የምመልሰው አላገኘሁም።

ባለፈው ወር ሌላ ካርቶን በስህተት እኛ ቤት መጥቶ ነበር። በዚያው ማታ ባለቤቱ እጅ ገብቷል። የባጃጁን ሂሳብ ግን አሁንም የከፈለችው እናቴ ናት።