መተማ ላይ ያፈገፈገው መኮንን

ጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ማለዳ 10ኛው የህንድ ብርጌድ ከሱዳን በኩል ተነሥቶ ጣሊያኖች የያዙትን የጋላባት ምሽግ አጠቃ። ከምሽጉ ፊት ለፊት፣ ከወሰኑ ወዲህ፣ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1881 ዓ.ም. ከድርቡሾች ጋር ሲዋጉ የወደቁባት መተማ አለች። ብርጌዱን የሚመራው ዊሊያም ስሊም የሚባል፣ ከሠራዊቱ ውጭ ብዙ ሰው የማያውቀው የ49 ዓመት እንግሊዛዊ ነበር።

ምሽጉ በማለዳው ተያዘ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ ተበላሸ። ከታንኮቹ አብዛኞቹ ፈንጂና ድንጋይ ሰንሰለታቸውን በጥሶት ቆሙ፤ የጣሊያን አውሮፕላኖች ሰማዩን ተቆጣጠሩት፤ አንድ የእንግሊዝ ሻለቃ ጦር ተደናግጦ ወደ ኋላ ሸሸ። ስሊም መተማን ለመያዝ እንደገና መሞከር ወይም ወታደሮቹን ይዞ መመለስ ነበረበት። ተመለሰ።

በአገሩ ታሪክ ከታላላቆቹ የጦር አዛዦች ተርታ የሚሰለፈው ሰው የመጀመሪያው የብርጌድ ውጊያ ይህ ነው። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንዲሉ፣ በብዙ ሠራዊት ውስጥ ቢሆን ኖሮ ስሙ እዚያው ይቀበር ነበር። ስሊም ግን አልተባረረም። በመንፈቁ ክፍለ ጦር ተሰጠው።

ሰውየው ለጦር አዛዥነት የተወለደ አይመስልም ነበር። በወጣትነቱ በበርሚንግሃም የድሃ ልጆች መምህር፣ ቀጥሎም በአንድ የብረት ቱቦ ኩባንያ ጸሐፊ ነበር። የመኮንንነት ማዕረግ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1914 የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲፈነዳ ነው። በ1915 ጋሊፖሊ ላይ ቆሰለ፤ በኋላም ሜሶፖታሚያ ላይ ዳግመኛ ቆሰለ። ጋሊፖሊ ላይ አጠገቡ ሲዋጉ ያያቸው፣ በህንድ ጦር የሚያገለግሉት የኔፓል ተወላጅ ጉርካዎች ልቡን ስለማረኩት ወደ ህንድ ጦር ተዛወረ። በሁለቱ ጦርነቶች መካከል ዕድገት እንደ ኤሊ ይጎተት ነበርና ሌተና ኮሎኔል የሆነው በ46 ዓመቱ ነው። ደመወዙ አልበቃ ሲለው በብዕር ስም ታሪክ እየጻፈ ይሸጥ ነበር፤ በኋላ ለወታደሩ የሚያስተላልፈው መልእክት እንዲያ ግልጽ የሆነው ያለ ምክንያት አይመስልም።

ሠራዊቱ በእነዚያ ዓመታት የሰጠው ትልቁ ነገር ከተራው ወታደር ጋር መኖር ነው። ቋንቋውን ተማረ፤ ምን እንደሚበላ፣ መቼ እንደሚፈራ አወቀ። ከዚያ ጋላባት መጣና ስለ ራሱ ፍርሃት አስተማረው። ከዓመታት በኋላ ያን ቀን በመጽሐፍ ሲተርክ ታንኩንም፣ አውሮፕላኑንም፣ የሸሸውንም ሻለቃ ሰበብ ማድረግ ይችል ነበር። አላደረገም። ደፋሩን ምርጫ የተውኩት እኔ ነኝ ብሎ ጥፋቱን ራሱ ተሸከመ።

በመጋቢት 1942 እ.ኤ.አ. በርማ ሲደርስ የጠበቀው ሌላ ሽንፈት ነው። ጃፓኖች እያሳደዱት 1,500 ኪሎ ሜትር ገደማ አፈግፍጎ ህንድ ገባ። በቀጣዩ ዓመት 14ኛውን ጦር ተረከበ። ለጉርካው በጉርካ፣ ለህንዱ በህንድ ቋንቋ እየተናገረ ከሰፈር ሰፈር ዞረ፤ እንግሊዞቹ ወታደሮች «አጎቴ ቢል» አሉት። ወባ ከጥይት በላይ ሠራዊቱን ይፈጅ ስለነበር የመከላከያ ኪኒኑ መዋጡን በድንገት ያስመረምር ነበር። የቀድሞው መምህር የቤት ሥራ አይዘነጋም፤ ወታደሮቻቸው ያልዋጡ ሦስት አዛዦችን አባረረ።

በ1944 ጃፓኖች የህንዶቹን ከተሞች ኢምፋልንና ኮሂማን ሲከቡ ከደረሱለት ክፍለ ጦሮች አንዱ በአውሮፕላን ተጭኖ የመጣው 5ኛው የህንድ ክፍለ ጦር ነው። ይህ ክፍለ ጦር በ1941 እ.ኤ.አ. አምባ አላጌ ላይ የጣሊያኖቹን ዋና አዛዥ የአኦስታውን መስፍን እጅ ያሰጠ፣ የጋላባቱም ብርጌድ የነበረበት ነው። ስሊም እዚህም ተሳስቶ ነበር፤ ኮሂማ ላይ የሚመጣውን ኃይል አሳንሶ ገመተ፣ ይህንንም በጽሑፍ አመነ። በ1945 ግን በርማ ውስጥ ጠላት ዓይኑን ማንዳሌይ ላይ እንዲተክል አደረገና ዋናውን ምት በስውር ወደ ደቡብ አዙሮ፣ የኢራዋዲን ወንዝ ተሻግሮ፣ የጃፓኖቹን የስንቅና የትጥቅ ማዕከል ሜይክቲላን ያዘ። መተማ ላይ የሸሸውን ዓይነት ምርጫ እዚህ ወሰደው። በ1948 የአገሩ ጠቅላይ ኤታማዦር ሹም ሆነ፤ ከህንድ ጦር የወጣ መኮንን ያን ወንበር ሲይዝ እሱ የመጀመሪያው ነው።

የጋላባት ትምህርት የተገዛው በወታደር ደም ነው የሚል ሰው ትክክል ነው። ተሸንፎ ምንም ያልተማረ መኮንንም ሞልቷል። ስለዚህም ነው ኃላፊነት ቀደም ብሎ፣ በሻለቃና በብርጌድ ደረጃ ሊሰጥ የሚገባው፤ የመቶ ሺዎች ሕይወት በእጁ ከገባ በኋላ የሚማር አዛዥ ዋጋው አይቻልም። የተማረውን ካልተማረው መለየትም ያን ያህል አይከብድም። የሹመት ቦርዶች የዕጩውን ሜዳልያ ከመቁጠራቸው በፊት የከሸፈበትን ግዳጅ ራሱ የጻፈበትን ሪፖርት አስመጥተው ያንብቡ። ጥፋቱ ሁሉ የበታቾቹ ከሆነ፣ ያ ሰው ለጊዜው ባለበት ይቆይ።